ፖርት ጋምብል በመጸው፦ የአንድ ኩባንያ የጣውላ መንደር፣ ቅጠሉና ታሪኩ

ማኅደር

በሲያትልና በአካባቢዋ የምንኖር ሰዎች የመጸውን ቅጠል ለማየት ስናስብ ብዙውን ጊዜ መኪናችንን ወደ ካስኬድ ተራሮች እናዞራለን፤ ሌቨንዎርዝ ደርሰን፣ በሰው ተጨናንቀን፣ ፎቶ አንሥተን እንመለሳለን። እኔ በዚህ ክር ልጽፍበት የፈለግሁት ግን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከባሕሩ ማዶ በኪትሳፕ ባሕረ ገብ መሬት ሰሜናዊ ክፍል ስለምትገኘው ስለ ፖርት ጋምብል ነው። ይህች ትንሽ መንደር ከ1853 እስከ 1995 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ዙሪያ የኖረች ስትሆን፣ ቤቱም ሱቁም መንገዱም የኩባንያው ንብረት ነበር። እንዲህ ያሉ መንደሮች በፑጀት ሳውንድ ዳርቻ ብዙ ነበሩ፤ ሲቤክ፣ ፖርት ብሌክሊ፣ ፖርት ላድሎው እያሉ መቁጠር ይቻላል። የቀድሞ መልኳን ይዛ የቀረችው ግን ይህችው ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከኪንግስተን የፌሪ ማቆሚያ ወጥታችሁ በ104 አውራ ጎዳና ስትነዱ፣ መንገዱ በአብዛኛው በሁለቱም ወገን በዳግላስ ፈር ደን የታጠረ ነው። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ ወቅቱ ምን እንደሆነ እንኳ አያስታውቅም። መንገዱ ወደ መንደሯ ሲታጠፍ ግን ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ነጭ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ቤቶች፣ ዝቅ ያሉ የእንጨት አጥሮች፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ያረጁ ኤልምና ሜፕል ዛፎች፣ ከእነሱም በላይ በ1879 የተሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ሹል ማማ ይታያል። ሜፕሉ ወደ ቢጫ ሲለወጥ፣ ከፊቱ ያሉት የቤቶቹ ነጭ ግድግዳዎችና ከኋላው ያለው የደኑ ጥቁር አረንጓዴ ቀለሙን አጉልተው ያወጡታል። ዝናቡ ካባራ በኋላ የረገፈው ቅጠል በአጥሩ አግዳሚ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። አንዱን አንሥታችሁ ብታዩት የጎልማሳ መዳፍ ጣቶቹን ዘርግቶ እንኳ አይሸፍነውም፤ ጅማቶቹ ገና አረንጓዴ ሆነው ሳለ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ መጠቅለል ጀምሯል።

ይህ መልክ የምዕራቡ ጠረፍ መልክ አይደለም። መንደሯን የቆረቆሩት ከአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በሜይን ግዛት ካለችው ኢስት ማኪያስ የመጡ የእንጨት ነጋዴዎች ናቸው። አንድሩ ጃክሰን ፖፕና ፍሬድሪክ ታልቦት በ1849 መጨረሻ፣ የወርቁ ወሬ አገሩን ሁሉ ባነቃነቀበት ጊዜ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሱ፤ ወርቅ ከመቆፈር ይልቅ ለቆፋሪዎቹ ጣውላ መሸጥ እንደሚያዋጣም ቶሎ ገባቸው። ከተማዋ በእንጨት የተገነባች በመሆኗ በ1850 እና በ1851 ደጋግማ ተቃጥላለች፤ በተቃጠለች ቁጥርም እንደ ገና የምትሠራበት ጣውላ ትፈልጋለች። ጣውላውን ከሜይን ጭኖ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ አዙሮ ማምጣት ደግሞ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የፍሬድሪክ ወንድም ካፒቴን ዊልያም ታልቦት በ1853 በመርከብ ወደ ሰሜን ወጥቶ ይህን ቦታ መረጠ፤ ሌላው ሸሪካቸው ጆሳያ ኬለርም ቤተሰቡንና የመሰንጠቂያውን ማሽኖች ይዞ በዚያው ዓመት ደረሰ። የፑጀት ሚል ካምፓኒ ሥራ በዚህ ተጀመረ። መንደሯ መጀመሪያ ቲካሌት ስትባል ቆይታ በ1868 ፖርት ጋምብል ተብላለች።

ሰዎቹ መንደሯን ሲሠሩ የትውልድ አገራቸውን መልክ ነው የደገሙት፤ ቤተ ክርስቲያኑም በኢስት ማኪያስ ያለውን አምሳያ አድርጎ የተሠራ ነው ይባላል። ከ142 ዓመት ሥራ በኋላ ፋብሪካው በኖቬምበር 1995 ሲዘጋ፣ በሰሜን አሜሪካ ሳያቋርጡ ለረጅም ዘመን ከሠሩት መሰንጠቂያዎች ቀዳሚው ተብሎ ይጠቀስ ነበር። መንደሯ ከዚያ አስቀድሞ በ1966 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆና ተመዝግባለች።

በዚህ ክር የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በኦክቶበር የምናደንቀው ይህ ሁሉ ውበት ተፈጥሮ ብቻዋን የሠራችው ሳይሆን፣ ለአንድ ምዕት ዓመት ተኩል ያህል ደኑን የቆረጠው፣ መሬቱን የያዘው፣ ቤቱን የቀባው ኩባንያ እጅ ያረፈበት ነው። ስንመለከተው ይህን አብረን ብናይ የምናየው ይበዛልናል እንጂ አይቀንስብንም። የምታውቁትን ጨምሩበት።


የፌሪ መንገደኛ

ወንድም ማኅደር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ አብራኝ ናት፤ ብዙ መራመድ አትችልም፣ ተራራ መንገድም ያዞራታል። እንዲህ ላሉ እናቶች ቦታው ይሆናል? ቅጠሉ ደምቆ የሚታየውስ በየትኛው ሳምንት ነው?


ማኅደር

በሚገባ ይሆናል። መንደሯ የተቀመጠችው ከባሕሩ ከፍ ባለ ሜዳማ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ሱቁ ያለው መንገድ ዳገት የለውም፤ እናትዎ አረፍ እያሉ ሊሄዱበት ይችላሉ። ከኤድመንድስ ወደ ኪንግስተን የሚሻገረው ፌሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ከዚያ በመኪና ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ከሲያትል መሀል በቤንብሪጅ በኩል መዞርም ይቻላል፤ ረዘም ቢልም በፖልስቦ ስለሚያልፍ መንገዱ ደስ ይላል።

ጊዜውን በተመለከተ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለውን እመርጣለሁ። ኖቬምበር ከገባ የባሕሩ ነፋስ ቅጠሉን በአንድ ሌሊት ሊያራግፈው ይችላል። ለእናትዎ ወፈር ያለ ጋቢ ይያዙላቸው፤ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ሁድ ካናል የተባለውን ረጅምና ጠባብ የባሕር ክንድ ማየት ያለ ጋቢ አይቻልም።


አናጢው

እኔ ሙያዬ እንጨት ስለሆነ ከቅጠሉ ይልቅ ግንዱ ነው የሚስበኝ፤ ማኅደር ያልነካውን ልጨምር።

በመጀመሪያ፣ ለምን እዚያ ቦታ? በዚያ ዘመን ደኑ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ድረስ ወርዶ ነበር። ዛፉ ተቆርጦ ወደ ውኃው ከተንከባለለ በኋላ ብዙ ግንዶችን በአንድ ላይ አስሮ እያንሳፈፉ ወደ መሰንጠቂያው መጎተት ይቻላል፤ መንገድ መሥራት፣ በሬ መጥመድ፣ ባቡር መዘርጋት ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግም አላስፈለገም። በሌላ በኩል የጋምብል የባሕር ወሽመጥ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ከነፋስ የተጠለለ፣ ለትልልቅ መርከቦች የሚበቃ ጥልቀት ያለው ነው። ግንዱ በአንዱ ወገን በውኃ ይገባል፣ ጣውላው በሌላው ወገን በመርከብ ይወጣል። ኩባንያው የራሱ መርከቦች ስለነበሩት ዛፉን ከቆመበት አንሥቶ ሳን ፍራንሲስኮ ገበያ ላይ እስኪሸጥ ድረስ በሌላ ሰው እጅ አያሳልፈውም ነበር። ከዚያም አልፎ ወደ ሃዋይ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ቻይናና ወደ ደቡብ አሜሪካ ይልክ ነበር።

መጋዙን በሚመለከት፣ የመጀመሪያው ዓይነት በፍሬም ውስጥ ተወጥሮ ቀጥ ብሎ ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለስ ነው። ሁለት ሰዎች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው የሚስቡትን የእጅ መጋዝ በእንፋሎት ኃይል እንደማስኬድ አድርጋችሁ ቁጠሩት። አዝጋሚ ነው፤ በኋላ ክብ መጋዝ ሲመጣ ፍጥነቱ እጥፍ ድርብ ጨመረ። ክብ መጋዝ ግን ምላጩ ወፍራም ስለሆነ ብዙ እንጨት ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል፤ ጥምጥም ዘለበት የሚመስለው ቀጭን የባንድ መጋዝ እስኪተካው ድረስ ከእያንዳንዱ ግንድ ስንት ጣውላ በከንቱ እንደ ሄደ ያየ አናጢ አንጀቱ ይቃጠላል። ከሰጋቱራውና ከቅርፊቱ ከፊሉ በቦይለሩ ሥር ነዶ ፋብሪካውን ያንቀሳቅስ ነበር። የቀረው ደግሞ ወደ ባሕሩ ነው የገባው፤ ይህን በኋላ ሌላ ሰው ቢያነሣው ጥሩ ነው።

በመንደሯ ስትዘዋወሩ የቤቶቹን ግድግዳ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጣውላው አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ የተመታ፣ ዝናቡን ወደ ውጭ የሚያንሸራትት ነው። በጥንታዊ ደን ውስጥ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ያደገ ዳግላስ ፈር የዓመት ቀለበቶቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተጠጋጉ ናቸው፤ ዛሬ ሆም ዲፖ ሄደን የምንገዛው ሞራሌ በእርሻ ደን ፈጥኖ ያደገ በመሆኑ ቀለበቱ የተራራቀ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው እነዚያ ቤቶች ለምን እስከ ዛሬ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።


የፖልስቦዋ

ወንድሞቼ የጻፋችሁት ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማኅደር «መንደሯን የቆረቆሩት ከሜይን የመጡ ናቸው» ሲል ታሪኩን ከመሀል ጀምሮታል። ቦታው ከዚያ በፊት ባዶ አልነበረም፤ የስክላላም ሕዝብ፣ የአገሩ ተወላጅ ጎሳ፣ የሚኖርበት፣ ዓሣና የባሕር ቅርፊት እንስሳት የሚሰበስብበት ነበር። በጎሳው ዘንድ ከትውልድ ትውልድ ሲነገር የመጣው ታሪክ እንደሚለው፣ የፋብሪካው ሰዎች ሲመጡ ነዋሪዎቹ ከወሽመጡ ማዶ ወዳለው ፖይንት ጁሊያ እንዲዛወሩ ተጠየቁ፣ በምትኩም ለቤት የሚሆን ጣውላና ማገዶ እንደሚሰጣቸው ቃል ተገባላቸው። ስፍራው በኋላ ሊትል ቦስተን ተባለ። ብዙዎቹም በየማለዳው በታንኳ እየተሻገሩ በዚያው ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረዋል።

በጃኑዋሪ 1855 ከዚያ ብዙም በማይርቀው በፖይንት ኖ ፖይንት የተፈረመው ውል መሬቱን ለመንግሥት ሲያስተላልፍ በቀድሞ ቦታዎቻቸው ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ግን ጠብቆላቸዋል። በውሉ መሠረት ወደ ደቡብ ወዳለው የስኮኮሚሽ ክልል (ለተወላጅ ጎሳዎች ወደ ተከለለው መሬት) እንዲሄዱ ቢታሰብም አብዛኞቹ ከወሽመጡ አልራቁም። በመጨረሻ መንግሥት በ1930ዎቹ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ኤከር በላይ መሬት ገዝቶ በ1938 የፖርት ጋምብል ስክላላም ክልል ብሎ አወጀላቸው። መሬቱን የሸጠው ማን እንደሆነ ትገምታላችሁ፤ ያው ኩባንያ ነው።

ከመንደሯ በላይ ባለው ኮረብታ የሚገኘውን ቡዌና ቪስታ የተባለውን መቃብር ሳትወጡ አትመለሱ። እዚያ የተቀበረው ጉስታቭ እንግልብሬክት የተባለ የባሕር ኃይል ሰው፣ በፓስፊክ ጠረፍ በውጊያ ላይ የሞተ የመጀመሪያው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አባል ተደርጎ ይቆጠራል። ነገሩ እንዲህ ነው። በኖቬምበር 1856 ከሰሜን፣ ከዛሬዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያና ከአላስካ ጠረፍ በትልልቅ ታንኳዎች የመጡ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች በወሽመጡ ዳርቻ ሰፈሩ። ማሳቹሴትስ የተባለችው የጦር መርከብ መጥታ አካባቢውን ለቅቀው እንዲሄዱ ብትጠይቅ አሻፈረን አሉ፤ መርከቧ በመድፍ መታቻቸው። ከእነሱ 27 ሰዎች ሲሞቱ ከመርከቧ በኩል የሞተው እንግልብሬክት ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከሰሜን የመጡ ሰዎች ደም ለመመለስ በዊድቢ ደሴት ከነጭ ሰፋሪዎች መካከል የታወቀውን አይዛክ ኢቢን ገደሉት። ለአንዱ የመቃብር ድንጋይ ተተክሎለታል፣ 27ቱ ግን ስማቸው የተጻፈበት ነገር የለም። በመጸው ስትወጡ የመቃብሩን ሣር ቅጠል ሸፍኖት ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ ላይ ሆናችሁ ወደ ወሽመጡ ማዶ ማየትን አትርሱ።


ብርሃን አዳኝ

ፎቶ ለምታነሡ አንዳንድ ነገር ልበል፤ ፎቶ ለማታነሡም የሚጠቅም ይመስለኛል።

ብዙ ሰው ፀሐይ የወጣበትን ቀን ይጠብቃል። ለፖርት ጋምብል ግን ደመናማ ቀን ይሻላል፤ ነጩ ግድግዳ በፀሐይ ሲመታ ዓይን ይወጋል፣ ፎቶው ላይም ቅጠሉን ያደበዝዘዋል። ጠዋት ጉም ከሁድ ካናል ሲነሣ የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ብቻ ከላይ ይታያል፣ ሌላው ሁሉ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ይህ የሚሆነው ነፋስ በሌለበት ቀን ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ በስተ ምዕራብ የኦሊምፒክ ተራሮች አዲስ በረዶ ለብሰው ይታያሉ።

በዙሪያው ባለው ደን ውስጥ ሦስት ቅጠል የሚያረግፉ ዛፎችን ለይታችሁ ብታውቁ የደኑን ታሪክ ማንበብ ትችላላችሁ። ትልቅ ቅጠል ያለው ሜፕል ሁልጊዜ ቢጫ ነው የሚሆነው። ከሥሩ እንደ ቁጥቋጦ የሚዘረጋው ቫይን ሜፕል ግን እንደ ቆመበት ቦታ ይለያያል፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ከሆነ ፈዛዛ ቢጫ፣ ፀሐይ ካገኘ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። ስለዚህ በደኑ መሀል ቀይ ያየንበት ቦታ ሰማዩ ክፍት የሆነበት፣ ብዙ ጊዜም በቅርቡ ዛፍ የተቆረጠበት ወይም መንገድ የወጣበት ነው። ሦስተኛው ቀይ አልደር የሚባለው ሲሆን፣ እሱ ጨርሶ ቀለም አይቀይርም ማለት ይቻላል፤ ቅጠሉ ከነአረንጓዴው ወይም ደብዘዝ ብሎ ቡናማ ሆኖ ይወድቃል። ይህ ዛፍ ደን ተጨፍጭፎ መሬቱ ሲራቆት ቀድሞ የሚበቅለው ነው፤ በሥሩ ላይ ባሉ እብጠቶች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያለማል፣ እድሜው ግን አጭር ስለሆነ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ለዳግላስ ፈር ቦታውን ይለቃል። ግንዱ ግራጫ ሆኖ፣ ቅጠሉ ሳይደምቅ የረገፈበት ወጥ ደን ካያችሁ መጋዝ ያለፈበት መሬት ላይ ቆማችኋል ማለት ነው።


ተጠራጣሪው

ሁላችሁም ስለ ውበቱ አሳምራችሁ ጻፋችሁ፤ እኔን ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ሠራተኛው የሚኖርበት ቤት የአሠሪው፣ የሚሸምትበት ሱቅ የአሠሪው፣ ሲታመም የሚሄድበትም በአሠሪው ፈቃድ ከሆነ፣ ያ ሰው ከሥራው ቢባረር ማታውኑ ቤቱንም አጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ነጭ ቀለም ስለተቀባና ሜፕል ስለተተከለበት «ውብ መንደር» ብለን መጎብኘት ተገቢ ነው ትላላችሁ?


ማኅደር

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም «ውብ ነው» ስል «ደግ ነበር» ማለቴ አይደለም። የመንደሯን አቀማመጥ ያየ ሰው ሥርዓቱን ከቤቶቹ መጠን ብቻ ሊረዳው ይችላል። ከፋብሪካው ፊት ለፊት፣ ወሽመጡን ወደ ታች በሚያይ ቦታ ላይ የቆመው ትልቁ የዎከር–ኤምስ ቤት የሥራ አስኪያጆቹ መኖሪያ ነበር። ሳይረስ ዎከር ከሜይን በ1853 በወጣትነቱ መጥቶ ፋብሪካውን ለረጅም ዘመን የመራ፣ በኋላም ከባለቤቶቹ የአንዱን ልጅ ኤሚሊ ታልቦትን አግብቶ የቤተሰቡ አባል የሆነ ሰው ነው፤ ኤድዊን ኤምስ እሱን የተካው ነው። ባለ ቤተሰብ ሠራተኞች በረድፍ በተሠሩት ትንንሽ ቤቶች ይኖራሉ፤ ላጤዎቹ ደግሞ በጋራ ማደሪያ ያድራሉ። በነገራችን ላይ ያ ትልቅ ቤት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሰው አይኖርበትም፤ በዚህም ምክንያት መንፈስ ይታይበታል እየተባለ በየኦክቶበሩ ብዙ ሕዝብ ይጎርፍለታል። እኔ ለዚህ ወሬ ጆሮ የለኝም፤ ቤቱ ያለ መንፈስም የሚያስገርም ታሪክ አለው።

ሆኖም የተጠራጣሪው ጥያቄ ወደ አንድ ዋና ነጥብ ያደርሰናል። መንደሯ ሳትፈርስ የቀረችው ባለቤቷ አንድ ስለሆነ ነው። ማንም ነዋሪ ቤቱን ሸጦ፣ አፍርሶ፣ አስፋፍቶ፣ ነዳጅ ማደያ አድርጎት አያውቅም፣ ምክንያቱም የእሱ አልነበረም። ተከራይ መሆናቸው ያሳጣቸው ነገር ዛሬ ለእኛ ጎብኚዎች የተጠበቀ መልክ ሆነ። ይህን ሳያስቡ ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ እኔ ግን አስቤው ማንሣቱን እመርጣለሁ።

ደግሞም የዚህ ኩባንያ ነገር ከመንደሯ ጋር የሚያበቃ እንዳይመስላችሁ። ሲያትል ውስጥ ለመጸው ቅጠል የምንሄድበት የዋሽንግተን ፓርክ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ) መሬት ከፊሉ የፑጀት ሚል ነበር። በ1900 ኩባንያው 62 ኤከር ለከተማው ሲሰጥ በምትኩ ከተማው ወደ ኩባንያው መሬቶች የሚሄድ ዋና የውኃ መስመር እንዲዘረጋለት ተስማምቷል። አጠገቡ በአጥር የተከለለው የብሮድሙር ሰፈርም የዚያው መሬት ክፍል ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1861 ሲከፈት ለማሠሪያ ገንዘብ የተገኘው ለዩኒቨርሲቲው የተመደበውን የመንግሥት መሬት በኤከር በአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም በመሸጥ ነበር፤ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ይኸው ኩባንያ ነው።

የሊንውድ ነዋሪዎችንም ልጥቀስ፤ ከመካከላችን ብዙ ሰው እዚያ ይኖራልና። የዛሬዋ ሊንውድ ያረፈችው ኩባንያው ደኑን ከቆረጠ በኋላ በቀረው የጉቶ መሬት ላይ ነው። ጉቶ ያለበትን መሬት ማን ይገዛል? ኩባንያው ከ1917 ጀምሮ «አልደርዉድ ማኖር» ብሎ ሰይሞ፣ በአምስትና በአሥር ኤከር ሸንሽኖ፣ የዶሮ እርባታ እያስተማረ ለከተማ ሰዎች ሸጠው። የማሳያ እርሻም ከፍቶ ነበር፤ የእርሻው ኃላፊ ይኖርበት የነበረው ቤት እስከ ዛሬ በሊንውድ ሄሪቴጅ ፓርክ ይታያል። ስለዚህ ፌሪ ለመሳፈር ጊዜ ያጣ ሰው ታሪኩን ከቤቱ አጠገብ ሊጀምረው ይችላል።


የፌሪ መንገደኛ

እኔ ራሴ የሊንውድ ነዋሪ ነኝ፤ በሄሪቴጅ ፓርኩ አጠገብ ዘወትር ሳልፍ ያ ትንሽ ቤት ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን የምጠይቀው፣ ፋብሪካው ራሱ አለ ወይስ ፈርሷል? እናቴ «ፋብሪካው የታለ?» ብላ ብትጠይቀኝ ምን አሳያታለሁ?


የፖልስቦዋ

ፋብሪካው የለም። ከተዘጋ በኋላ ባሉት ዓመታት ተነቅሎ ተወሰደ፤ ከመንደሯ ሥር በውኃው ዳር የሚታየው ሰፊ ባዶ ሜዳ የቆመበት ቦታ ነው። ከአፋፉ ላይ ሆነው ያሳዩአቸው፤ ስፋቱ ብቻ የሥራውን ትልቅነት ይናገራል። የፋብሪካውን ነገር በዕቃና በፎቶ ለማየት ደግሞ በ1916 በተሠራው አጠቃላይ ሱቅ ሥር ያለው ሙዚየም ይሻላል።

አናጢው ስለ ሰጋቱራው ያነሣውን እዚህ ልመልስ። ለብዙ አሥርት ዓመታት በወሽመጡ ታች የተከማቸው ቅርፊትና ሰጋቱራ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ መርዛማ ጋዝም ያወጣል፤ ለመርከብ ማቆሚያ የተተከሉት ቋሚ ግንዶች ደግሞ እንዳይበሰብሱ ክሪዮሶት በተባለ ሬንጅ መሰል መርዛማ ዘይት የተነከሩ ነበሩ። ሄሪንግ የተባለው ዓሣ የሚጥለው እንቁላል፣ ክላሙና ኦይስተሩ ሁሉ በዚህ ይጎዳል። ከ2015 እስከ 2017 መጀመሪያ በተካሄደው ጽዳት ከስምንት ሺህ በላይ ቋሚ ግንዶች ተነቅለው፣ እጅግ ብዙ የበሰበሰ እንጨትና ደለል ከወሽመጡ ወጥቷል። የስክላላም ጎሳ ለዚህ ጽዳት ለረጅም ጊዜ ሲሟገት የኖረ ነው፤ በውሉ የተጠበቀለት የማጥመድ መብት ያለ ንጹሕ ውኃ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራልና።

በኖቬምበር ወደ ሁድ ካናል በሚፈሱ ወንዞች ቸም የሚባለው ሳልሞን ከባሕር ተመልሶ ሽቅብ ይወጣል። ቅጠሉ ረግፎ ካገኛችሁት እንኳ ይህን ለማየት መምጣት ያዋጣል።


አናጢው

ስለ ደኑም አንድ ማሳሰቢያ ልተው። ከመንደሯ በስተ ደቡብ ያለው ከሦስት ሺህ ኤከር የሚበልጥ ደን ዛሬ የኪትሳፕ ካውንቲ ሄሪቴጅ ፓርክ ነው፤ ለእግረኛም ለብስክሌትም ክፍት ነው። ነገር ግን መሬቱ ለካውንቲው ሲሸጥ ኩባንያው በሰፊው ክፍል ላይ የቆመውን ዛፍ የመቁረጥ መብት ለ25 ዓመት አስቀርቷል። ስለዚህ በመንገዳችሁ ላይ «ዛፍ እየተቆረጠ ነው» የሚል ምልክት ካያችሁ አትደንግጡ፤ ብርሃን አዳኝ የጠቀሰው ቀይ ቫይን ሜፕል በብዛት የሚገኘውም በእነዚያ ገላጣ ቦታዎች ጠርዝ ነው። ይህን መብት ይዞ የነበረው፣ የፑጀት ሚል ወራሽ የሆነው ፖፕ ሪሶርስስ በ2020 ሬዮኒየር በሚባል ሌላ የደን ኩባንያ ተገዝቷል።

ጫማችሁ ውኃ የማያስገባ ይሁን። መንገዱ የቀድሞ የግንድ ማመላለሻ ስለሆነ በመጸው ጭቃው ከባድ ነው፤ እናቶችን በመንደሯ አስቀምጦ ወጣቶቹ ብቻ ቢገቡበት ይሻላል።